ኤፍ-5ን ለቆራሌው አንሰጥም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ጡረታ የወጡ የጦር ጄቶች፣ በተለይ በኦጋዴኑ ጦርነት የበረሩት ኤፍ-5ዎች፣ ሙዚየም መግባት የለባቸውም ይላል። አምስት ምክንያት ያቀርባል። አውሮፕላኖቹ የእኛ ሥራ አይደሉም። የአብራሪዎቹ ትዝታ አያስተማምንም። መሣሪያ ማሳየት ጦርነትን ማወደስ ነው፣ ጎረቤትንም ያስቀይማል። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል፣ ፎቶና ቪዲዮ ይበቃል። የግድ ከሆነም አንዷን አደባባይ ላይ በምሰሶ መስቀል ነው። የቀረውን ለቆራሌው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከልባቸው ነው የጻፉት፤ እኔም ከልቤ ልመልስ። መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው። አጎቴ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ነበር፣ የኤፍ-5 ሰው። ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለዚያች ጄት ሲያወራ ነው የኖረው። ታዲያ አታዳላም ወይ ብትሉኝ፣ አዎ አዳላለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኤፍ-5 የአሜሪካው ኖርዝሮፕ ኩባንያ የሠራት ትንሽ፣ ቀላል፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ያነሰ ተዋጊ ጄት ናት። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ኤፍ-5ኤዎች ያገኘችው በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የተሻሻለችው ኤፍ-5ኢ መጣች። ከታዘዙት 16 ውስጥ እጃችን የገቡት ስምንቱ ናቸው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ቡድን ከአገር አስወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። ሶማሊያ ሚግ-17 እና ሚግ-21 የሚባሉ የሶቪየት ተዋጊ ጄቶች ነበሯት። በዚያ ክረምት ኤፍ-5ኢ የጠላፊ ጄት ሥራ ሠራች። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ ፈጥና ትነሳለች፣ አየር ላይ ታገኘዋለች፣ ትመልሰዋለች ወይም ትጥለዋለች።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ብረቱ የአሜሪካ ነው፤ የእኛ ቅርስ ሊሆን አይችልም።»

ፀሐይን እናስታውስ። በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን የተሠራችውን ትንሽ አውሮፕላን ማለቴ ነው። ሥራውን የመራው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ነበር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወሰዳት። ሮም አቅራቢያ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው ቦታ፣ የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ አሥርት ዓመታት ቆየች። በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ስንቱ ሰው ነው የተደሰተው። «የጀርመን እጅ አለባት፣ እዚያው ትቅር» ያለ ሰው እኔ አልሰማሁም። ደግሞስ ማን እንዲህ ይላል?

ቬትናምንም እንይ። ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ የነጻነት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንዲት ኤፍ-5ኢ ቆማለች። ያችው የአሜሪካ ጄት ናት። በሚያዝያ 1975 እ.ኤ.አ. አንድ የደቡብ ቬትናም አብራሪ ወደ ሰሜኖቹ ከድቶ በዚህ ዓይነት ጄት ያንኑ ቤተ መንግሥት ደበደበ። ቬትናሞች ከአሜሪካ ጋር ስንት ዓመት ተዋግተዋል። ብረቱን ግን አልጣሉትም። በላዩ ላይ የተሠራው ታሪክ የራሳቸው ነውና።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን የፋየርፍላይ ነገር ነው። ፋየርፍላይ የእንግሊዝ ሥራ የሆነች ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ ናት። ካናዳ ተጠቅማባት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእኛ ሸጠችልን። ጊዜዋ ሲያልፍ አስመራ አካባቢ ተጥላ ቀረች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካናዳውያን መጥተው ወሰዷት። ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ፣ ሺርዋተር በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ውስጥ ናት። ጡረተኞችና በጎ ፈቃደኞች ዓመታት ፈጅተው ጠገኗት። እነሱ «የእንግሊዝ ብረት ነው» አላሉም። የእነሱ ልጆች በርረውባታል፣ በቃ። የእኛም ልጆች በርረውባት ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካኖቹ ከወጡ በኋላ መለዋወጫ እንደ ልብ አይመጣም። አጎቴ እንደሚለው አንዷን ለማስነሳት ከሌላዋ ይፈታል። ሌሊቱን ባትሪ ይዘው ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማቆያው ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ማንም አያወራም፣ ሁሉም ድምፁን ያዳምጣል። ያች ጄት ስትሠራ አሜሪካዊት ነበረች። ያንን ክረምት በአየር ላይ ያቆያት ግን የሐረር ሜዳ፣ የደብረ ዘይቱ አየር ኃይል ሰፈር፣ ቴክኒሽያን ነው።

«የአብራሪዎች ትዝታ ከዓመት ዓመት የሚያድግ ወሬ ነው። ስንት ሚግ እንደወደቀ እንኳ አይስማሙም።»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም የጽሑፉ ዋና ክርክር ይሄ ነው።

እውነት ነው፣ ቁጥሩ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ይለያያል። በየትኛውም የአየር ጦርነት እንዲሁ ነው። አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ ያየውን ነው የሚናገረው፤ ጭስ ያየ ጄት ሁሉ ደግሞ አይወድቅም። ግን ከአርበኞቹ የምንፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው እንዴ? ቁጥሩን የታሪክ ባለሙያ ከሁለቱም ወገን መዝገብ ያጣራው። አርበኛው የሚነግረን መዝገብ ላይ የማይጻፈውን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የእኛ አብራሪዎች ኤፍ-5ኢ በቅርብ ፍልሚያ፣ በተለይ በመጠምዘዝ፣ ከሚግ-21 ትሻላለች ይሉ ነበር። ጸሐፊው ይህን «ጉራ» ብለውታል። ነገሩን ከሩሲያ በኩል እንየው። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በ1975 እ.ኤ.አ. ስትወድቅ ሰሜን ቬትናሞች ብዙ ኤፍ-5 ማረኩ። ሶቪየቶችም ወስደው ሞከሯት፤ ከራሳቸው ሚግ-21 ጋር አየር ላይ አጋጠሟት። ከሞካሪዎቹ አንዱ ቭላድሚር ካንዳውሮቭ ነበር። ኤፍ-5ኢዋ በቅርብ ፍልሚያ ሚግ-21ን እንዳሸነፈች በኋላ ራሱ ጽፏል። ይህ ሰው ስለ እኛ አብራሪዎች የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ሚጓ የአገሩ ሥራ ናት። የደብረ ዘይቱ ሽማግሌ የሚያወራውና ሩሲያዊው የጻፈው ግን ገጠመ። ትዝታ የሚመረመረው እንዲህ ነው። ከሌላ ትዝታ ጋር ያጋጥሙታል፣ ከመዝገብ ጋር ያጋጥሙታል፣ ከአውሮፕላኗ ከራሷ ጋር ያጋጥሙታል። አውሮፕላኗን ለቆራሌው ከሰጠን ግን ከምን ጋር እናጋጥመዋለን?

ጸሐፊው ሌላም ነገር ዘልለዋል። «አርበኛ» ሲሉ አብራሪውን ብቻ ነው የሚያዩት። አንዲት ጄት እንድትነሳ ስንት ሰው ነው የሚሠራው? ነዳጅ የሚሞላ አለ። ጥይት የሚጭን አለ፤ አፍንጫዋ ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች አሏት፣ እያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይይዛሉ። ክንፏ ጫፍ ላይ ሚሳይል የሚሰቅል አለ። ራዳር የሚያይ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ፓራሹት የሚያጥፍ አለ። ማን ጠየቃቸው? ስለ አብራሪዎቹ ጥቂትም ቢሆን ተጽፏል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ተዋግተው፣ ተመትተው፣ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረው የተመለሱ ጀግና ናቸው። የእሳቸውን ጄት በዚያ ጠዋት ያዘጋጀው ቴክኒሽያን ማን ነበር? እኔ አላውቅም።

የምድር ሠራተኛ ትዝታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንግሊዞች ያውቁታል። ላይትኒንግ የሚባል በጣም ፈጣን ጠላፊ ጄት ነበራቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ዋልተር ሆልደን የሚባል መሐንዲስ ላይነም በሚባለው የጦር ሰፈር የአንዷን የኤሌክትሪክ ችግር ይመረምር ነበር። መንደርደሪያው ላይ ሳያስበው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ወደ ከፍተኛው ኃይል ገብቶ ተቆለፈ። ጄቷ ይዛው ተነሳች። የኮክፒቱ፣ የአብራሪው ክፍል፣ ክዳን ተነቅሏል። አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣው የማምለጫ ወንበር አይሠራም። ሰውየው ከዚያ በፊት የበረረው ትንንሽ ማሰልጠኛ አውሮፕላኖችን ብቻ ነው። ሁለቴ ሞክሮ አልሆነለትም፣ በሦስተኛው አሳረፋት። ያች አውሮፕላን፣ ኤክስኤም135፣ ዛሬ ደክስፎርድ በሚገኘው ሙዚየም ቆማለች። ታሪኩን ብቻ ብትሰማ ተረት ይመስልሃል። እሷን ቆመህ ስታያት ግን ኮክፒቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ውስጡ ምን ያህል እንደሚጠብ ታያለህ። ያኔ የሰውየው ፍርሃት ይገባሃል።

ጸሐፊው እዚህ ነጥብ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው፣ አልክድም። አርበኞች ሙዚየሙን ብቻቸውን ሊመሩት አይገባም። አሜሪካ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለችውን ኢኖላ ጌይን ለማሳየት ሲታሰብ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ባለሙያዎቹ የተጎጂዎቹንም ታሪክ ሊያካትቱ ነበር። የአርበኞች ማኅበራትና ፖለቲከኞች ተቃወሙ። ዕቅዱ ተሠርዞ በጣም ጠባብ ዝግጅት ተተካ፤ የሙዚየሙ ኃላፊም ሥራቸውን ለቀቁ። እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ግን መድኃኒቱ አርበኛውን ዝም ማሰኘት አይደለም። ድምፁን መቅዳት፣ ከጎኑ ሌላውንም ድምፅ ማስቀመጥ ነው።

«መሣሪያን ማሳየት ጦርነትን ማወደስ ነው። ሶማሌ ወንድሞቻችንንም ያስቀይማል።»

ጸሐፊው ሐርጌሳን አይተው ይሆን? ከተማዋ መሃል፣ ሐውልት ላይ የተሰቀለች ሚግ-17 አለች። የሶማሊያ አየር ኃይል ራሱ ይበርርባት የነበረችው ዓይነት ናት። በ1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ። ምርኮኞች ተለዋወጡ፣ እነ ለገሰ ተፈራም አገራቸው ገቡ። በዚያው ዓመት የዚያድ ባሬ ጄቶች ሐርጌሳን ደበደቡ። ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ፣ ያችኑ ከተማ፣ የገዛ ሕዝባቸውን። የሐርጌሳ ሰዎች ያችን ሚግ የሰቀሏት ሊያወድሷት አይደለም። ልጆቻቸው ምን እንደወረደባቸው እንዳይረሱ ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ብቻውን ምንም አያወድስም። የሚወስነው አጠገቡ የሚጻፈው ነው። የእኛ ኤፍ-5 አጠገብ ቢጻፍ የምወደውን ልናገር። አገር ተወርሮ እንደነበር ይጻፍ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የሆነው ይጻፍ። ከሁለቱም ወገን ያልተመለሱ አብራሪዎች እንዳሉ ይጻፍ። ቦምብ ከላይ ሲወርድ ከታች የነበረው አርብቶ አደር ምን እንደደረሰበት ይጠየቅ፣ እሱም ይጻፍ። ሶማሌ ተናጋሪ ጎብኚ በራሱ ቋንቋ ያንብበው። ይሄ ማንን ያስቀይማል? እኔ የሚመስለኝ ዝምታው ነው የበለጠ የሚያስቀይመው።

«ገንዘቡ ለሌላ ይዋል። ፎቶና ቪዲዮ ይበቃል።»

ገንዘቡን በተመለከተ አልከራከርም፤ ጣሪያና ጥበቃ ብዙ ሚሊዮን አይፈልግም፣ ዋናው የሰው ፈቃድ ነው። ፎቶ ይበቃል የሚለው ግን ስህተት ነው።

አጎቴ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። «ልትነሳ ስትል አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች» ይላል። ልጅ ሳለሁ ለማሳመር የሚለው ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። የኤፍ-5ኢ የፊት እግር ሁለት ቁመት አለው። ከመነሳቷ በፊት አብራሪው ያስረዝመዋል። አፍንጫዋ ሲቀና ክንፏ አየሩን በተሻለ ማዕዘን ይይዛል፣ በአጭር መንደርደሪያ ትነሳለች። ደብረ ዘይት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ይደክማል፣ መንደርደሪያ ይበላል። ለኖርዝሮፕ መሐንዲስ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው። ለሐረር ሜዳ ሰው ግን በየቀኑ የሚጨነቅበት ነገር ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው እግር ብቻ ነው። አውሮፕላኗ ካለች ሽማግሌው በጣቱ ያሳይሃል።

አሜሪካኖቹም ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው። ኤፍ-106 የሚባል ጠላፊ ጄት ነበራቸው፤ ሰማያቸውን ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ጠበቀ። በ1988 እ.ኤ.አ. ጡረታ ሲወጣ ብዙዎቹን ያለ አብራሪ የሚበርሩ የሚሳይል ኢላማ አድርገው አየር ላይ መቷቸው። ዛሬ የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ኦሃዮ፣ ዴይተን በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም አለች። በየካቲት 1970 እ.ኤ.አ. ከቁጥጥር ወጥታ አብራሪዋ በፓራሹት ወረደ። እሷ ግን ራሷን አረጋግታ ሞንታና ውስጥ በረዶ የለበሰ ማሳ ላይ በሆዷ አረፈች። ተጠግና እንደገና በረረች። ይህን በቪዲዮ ብቻ ብታየው ታምናለህ? እኔ ሄጄ ሆዷን ማየት እፈልጋለሁ።

«የግድ ከሆነ አደባባይ ላይ በምሰሶ ትሰቀል።»

ከአምስቱ ነጥቦች በጣም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ስለሚመስል ሰው ይቀበለዋል።

አውሮፕላን እንደ ሐውልት ድንጋይ አይደለም። ቆዳዋ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኖቿ ብረት፣ አንዳንድ ክፍሏ ማግኒዚየም። እነዚህ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲገባባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። ክረምት ላይ ውሃ በየቀዳዳው ይገባል፣ መውጫ ያጣል። የኮክፒቱ ክዳን ፕላስቲክ ስለሆነ በእኛ ፀሐይ ይሰነጣጠቃል፣ ይደበዝዛል። ወፍ የአየር ማስገቢያው ውስጥ ጎጆ ይሠራል፤ ኩሱ ቀለሙን አልፎ አሉሚኒየሙን ይበላል። ጎማው ይሞታል። ምሰሶ ላይ ስትወጣ ደግሞ ማን ይመረምራታል? ከታች ሲያዩዋት ታምራለች፣ ውስጧ ግን እየበሰበሰ ነው። ሌላም አለ፤ የማምለጫ ወንበሯ ውስጥ ፈንጂ ነበረ። በሚያውቅ ሰው ካልተነሳ ለሠራተኛውም ለአላፊ አግዳሚውም አደጋ ነው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ዛሬ ሰባውን ሰማንያውን አልፏል።

እንግሊዝ ውስጥ ላይትኒንግን የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ጄቶቹ በተጠንቀቅ ይቆሙበት የነበረውን ሼድ ዋቲሻም ከሚባለው ሰፈር ፈትተው ወሰዱት። ብራንቲንግቶርፕ ላይ መልሰው አቆሙት፤ ጄቶቻቸውን ከሥሩ አስገቡ። ጣሪያው ራሱ የታሪኩ አካል ሆነ። በዚያ ሼድ ውስጥ አብራሪው ልብሱን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር፣ ቴክኒሽያኑ ሻይ ያፈላ ነበር። እኛስ? ደብረ ዘይት ላይ ስንት የድሮ ሃንጋር አይተን አድገናል። አንድ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ የተደረገ ወለል፣ ክብደቷ ጎማዋ ላይ እንዳያርፍ መደገፊያ፣ የአየር ማስገቢያና ማስወጫዋን የሚሸፍን ሸራ። ይሄ ከምሰሶና ከአበባ አጥር የሚበልጥ ወጪ አይመስለኝም።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። ሣር ውስጥ ቆማ፣ ማንም ሳያያት የምትዝግ ጄት ማንንም አትጠቅምም። እንዲህ ከሚሆን ለቆራሌው ትሰጥ ሲሉ ንዴታቸው ይገባኛል። መልሳቸው ግን ቸኩሏል። መጀመሪያ መሠራት ያለበት ጄቷን ማንቀሳቀስ እንኳ አይደለም። የቀሩትን የምድር ሠራተኞች መፈለግ ነው። ደብረ ዘይት አሉ፣ አዲስ አበባ አሉ፣ ቨርጂኒያም እስራኤልም ልጆቻቸው ጋ ያሉ ይኖራሉ። ስልክ ይበቃል፣ ድምፅ መቅጃው ውስጡ አለ። ከተቻለ ክንፏ ሥር ወንበር አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልተቻለም ፎቶ ፊታቸው ዘርግቶ «ይሄ ክዳን ምንድን ነው? ማን ይከፍተው ነበር? ምን ችግር ያመጣ ነበር?» ብሎ መጠየቅ። እጃቸው ከአፋቸው ቀድሞ ይመልሳል፤ አጎቴን እንዲህ ሲሆን አይቼዋለሁ።

ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። አጎቴ ኤፍ-5ዋ አፍንጫ ላይ ተደግፎ ይስቃል። ከጎኑ መሰላል የያዘ ቀጭን ልጅ አለ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። ስሙን አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያልኩ አጎቴ አረፈ። ጸሐፊው ደብረ ዘይት ከመጡ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ። ምናልባት አብረን እየጠየቅን የሚያውቀው ሰው እናገኝ ይሆናል።